ቤትም ይታመማል፤ አፎቻው ይጠራ

ባለፈው መስከረም መጀመሪያ፣ ክረምቱ ገና እያባራ ሳለ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ቆሜ የአንድ አሮጌ ቤት ግድግዳ በእጄ ዳሰስኩ። ላይ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው። በሲሚንቶ ተለስኗል፤ አረንጓዴ ቀለምም ተቀብቷል። ከመሬቱ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ግን ልስኑ አብጦ ተሰንጥቋል። ጣቴን ወደ ስንጥቁ ሳስገባ መጀመሪያ ደረቅ አፈር እንደ ዱቄት ፈሰሰ፤ ገፋ ሳደርገው እርጥብ ጭቃ ያዝኩ። ድንጋዩን ከድንጋይ አያይዞ ስንት ትውልድ ያሻገረው ጭቃ ከውስጥ እየሟሟ ነው።

አንዲት የጎረቤት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። «ታሟል ልጄ፤ ይኸው ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ጠያቂ የለውም» አሉኝ። የባለቤቶቹን ነገር ስጠይቃቸው በጣታቸው ቆጠሩልኝ፤ አንዱ ቶሮንቶ፣ አንዷ ጅዳ፣ ትንሹ አዲስ አበባ። ቁልፉስ? «ቁልፉን ይዘውት ሄደዋል።»

ታሟል አሉ እንጂ አርጅቷል አላሉም። ላረጀ ነገር «ምን ይደረጋል» ተብሎ ይታለፋል፤ የታመመ ግን ይጠየቃል፣ ይታከማል። ይህን ጥሪ እንድጽፍ ያስነሳኝ የእኚህ እናት ቃል ነው።

ሐረርን ብዙ ሰው የሚያውቃት በግንቧ ነው። ጀጎል የሚባለውን ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያስገነቡት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆናቸው ይነገራል። ከኢማም አሕመድ ጦርነት በኋላ ከተማዋ በረሃብና በበሽታ የተዳከመችበት ክፉ ዘመን ነበር። በዚያ ድካም ውስጥ ሆነው ነው ሕዝቡ ድንጋይ ያነባበረው። ግንቡ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል፤ 48 ሄክታር መሬት ያቅፋል። የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው። ሐረሪዎች አስመዲን በሪ፣ በድሪ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ አሱም በሪ ይሏቸዋል፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር የሚባሉት ናቸው። መኪና የሚገባበት ስድስተኛው በር የኋላ ዘመን ሥራ ነው። በግንቡ ግርጌ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል፣ የጅብ ቀዳዳ፣ ይሏቸዋል። ጅቡ ማታ በዚያ ይገባል፤ የመንደሩን ጥራጊ በልቶ ሳይነጋ በዚያው ይወጣል። አምስት በር ለሰው፣ ለአውሬው ደግሞ የራሱን መግቢያ የተወ ከተማ በዓለም ላይ ስንት ይኖራል?

በዚህች አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በማትሞላ ቦታ 82 መስጊድና 102 የአውሊያ መቃብር አለ፤ ከመስጊዶቹ ሦስቱ ታሪካቸው እስከ 10ኛው መቶ ዘመን ይደርሳል። መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም በፈረስ መጋላ አደባባይ ቆሟል። ከተማዋ የራሷን ገንዘብ የቀረጸች፣ የራሷ አሚሮች የነበሯት፣ ከባሕሩ ወደብ እስከ መሃል አገር የሚሄደው ነጋዴ የሚያርፍባት የትምህርትና የንግድ ማዕከል ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ አሥር ቀን ቆየ፤ በነዋሪዎቿ ላይ ብዙ ክፉ ቃል የጻፈው ሰውዬ እንኳ የመጽሐፍ ድጉሳቷን ሳያደንቅ አላለፈም። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. ገብተው አሥር ዓመት ገደማ ገዟት። ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ግዛት ሥር ሆነች። አሚር ሄደ፣ ፓሻ መጣ፤ ፓሻ ሄደ፣ ራስ መጣ። ቤቶቹ ግን እንዳሉ ቀጠሉ፤ በቤቶቹም ውስጥ ቋንቋው፣ ሠርጉ፣ የእንግዳ አቀባበሉ ቀጠለ።

ስለ ቤቶቹ ጥቂት ልቆይ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና። ጌይ ጋር ይባላል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ከውጭ ያልታደለ ይመስላል፤ አንድ በር፣ ረጅም ግድግዳ፣ ዝምታ። ሲገቡ ግን ወለሉ በደረጃ ከፍና ዝቅ እያለ አምስት መደብ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ነደባ ይሉታል። ለቤቱ ታላቅና ለክቡር እንግዳ አሚር ነደባ አለ፤ ለብዙው ሰው ጊዲር ነደባ፤ ከዕይታ ለሚሸሸግ ሰው ሱትሪ ነደባ። ማን የት እንደሚቀመጥ ማንም ሳይናገር ይታወቃል። በግድግዳው ላይ መጽሐፍና ዕቃ የሚቀመጥባቸው መስኮት መሳይ ጉድጓዶች አሉ፤ ከላያቸው እናት ለልጇ፣ ልጅ ለልጇ የሰፋችው ስፌት ተደርድሮ ተሰቅሏል። መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀዩ በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። አንዲት ወጣት ሙሽራ ለበዓል ስትቀባው አይቻለሁ፤ አፈሩን በውኃ በጥብጣ፣ ብሩሽ ሳትይዝ በመዳፏ፣ ከውስጥ ወደ በር እያፈገፈገች። ስትጨርስ የጣቶቿ መስመር እንደ ጥልፍ በመደቡ ላይ ቀርቶ ነበር።

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከግንቡ ጋር እነዚህን ቤቶችም አይቷል። የአክሱም ሐውልት ጥበቃ ተቀጥሮለት፣ አጥር ታጥሮለት ሊቆም ይችላል። ጀጎል ግን የሚኖርበት ቅርስ ነው። ሰው ይተኛበታል፣ ወጥ ይሠራበታል፣ ልጅ ይዳርበታል። ስለዚህ ዘበኛ አያድነውም። የሚያድነው ዝናብ ሳይመጣ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ነው።

የሐረር ቤት የሚሞትበት መንገድ ይታወቃል፤ ግንበኞቹ ደጋግመው ይነግሩዎታል። ግድግዳው የአካባቢው ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተሠራ፣ ውፍረቱ ከክንድ የሚበልጥ ነው። ይህ ግድግዳ ይተነፍሳል። ዝናቡን ይጠጣል፣ ከመሬቱም እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ያወጣዋል። ኖራ ሲቀባ ትንፋሹን አይከለክለውም። ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ይቀመጣል፤ ጭቃው ይላላል፤ ልስኑ ያብጣል፤ አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት፣ ግድግዳው ይወርዳል። ሲሚንቶ የለሰነው ሰው ቤቱን ሊያጠነክር ፈልጎ፣ ተበድሮ ገዝቶ ነው፤ በክፋት ያደረገው የለም።

ጣሪያውም እንዲሁ ነው። የቀድሞው ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ የጥድ ወራጅ ተጠጋግቶ ይደረደራል፣ በላዩ አፈር ይደለደልና ይጠቀጠቃል። በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። እጁ ሲጠፋ ቆርቆሮ ገባ። ቆርቆሮው ያፈሰሰው ውኃ ደግሞ ቦይ ካልተበጀለት ቀጥታ በግድግዳው እግር ሥር ይወርዳል። የኩሽናና የልብስ እጣቢ ወደ መተላለፊያው ሲደፋ ይጨመርበታል። እነዚህ ቤቶች በጋራ ግድግዳ የተያያዙ መሆናቸውን እናስታውስ፤ ሦስትና አራት ቤት አንድ ግቢ ይጋራል። የአንዱ ግድግዳ ሲወርድ የጎረቤቱ ጎን ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ ጀጎል ውስጥ «የራሴ ቤት ነው፣ ምን አገባችሁ» የሚባል ነገር በግንባታ ሕግም አይሠራም።

ታዲያ እጁ ለምን ጠፋ? አንዱ መልስ ስደት ነው። ከ1940 ዓ.ም. የፖለቲካ ችግር በኋላ ብዙ የሐረሪ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ቀጥሎ ወደ ባሕር ማዶ። ሌላው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የተወረሰው የቀበሌ ቤት ሆነ። ተከራዩ «የእኔ አይደለም» ብሎ አይጠግነውም፤ ቀበሌው በሚሰበስበው ጥቂት ብር ሊጠግነው አይችልም። ጌታ የሌለው ቤት እንዲህ ተፈጠረ። ይህን የማነሳው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ሃምሳ ዓመት የኖረው ተከራይ፣ ኦሮሞ ይሁን አማራ፣ ጉራጌ ይሁን ሶማሌ፣ ዛሬ የጀጎል ሰው ነው። ጥሪው እሱንም ይመለከታል።

በቅርብ ዓመታት በጀጎል ብዙ ሥራ ተሠርቷል፤ መንገዶች ተነጥፈዋል፣ መብራት ተተክሏል፣ ግድግዳዎች ቀለም ተቀብተዋል። ማታ ማታ በመተላለፊያዎቹ መሄድ ደስ ይላል፤ ያስደሰተኝን አልደብቅም። ግን ቀለም ከበር አያልፍም። እንግዳ የሚያየው መንገድ ሲያምር የማያየው ጓዳ ቢፈርስ ነገ የሚቀረን የቤት ፊት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥሪዬ ልምጣ።

ሐረር አፎቻ የሚባል ነገር አላት። ለማያውቀው አንባቢ፣ ከእድር ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ለሐዘን ብቻ ሳይሆን ለሠርግም መሰባሰቡ ነው። የወንዶች አለ፣ የሴቶች አለ። ሰው ሲሞት አፎቻው ይመጣል፤ ማንም ጠሪ አያስፈልገውም። ይቆፍራል፣ ያበስላል፣ ያጽናናል። ያልመጣ አባል ይጠየቃል። ይህ ሥርዓት ንጉሥና መንግሥት ሲፈራረቁ ያልፈረሰ የከተማዋ እውነተኛ ግንብ ነው ብዬ አምናለሁ።

አፎቻዎች ሆይ፣ ቤትን በአባልነት መዝግቡ። በየሰፈራችሁ የታመሙትን ቤቶች እናንተ ታውቃላችሁ፤ ከማንም ባለሙያ ይልቅ የትኛው ግድግዳ እንዳበጠ፣ የትኛው ጣሪያ እንደሚያፈስ ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ አፎቻ በዓመት አንድ ቤት ብቻ ይያዝ። ከወርኃዊ መዋጮው ላይ ለኖራና ለድንጋይ የሚሆን ትንሽ ይቀንስ። ጉልበት ያለው በጉልበቱ ይምጣ። ለቅሶ ቤት ሁለት ቀን የሚውል ሰው ለታመመ ቤት ግማሽ ቀን አያጣም። የሴቶች አፎቻ በተለይ፤ መደቡን መቀባት፣ ግድግዳውን ማንጣት፣ ስፌቱን መደርደር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ልጃገረዶቹን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አስተምሩ። ከዓረፋና ከሹዋሊድ በፊት የምታደርጉትን በቦታው ለሌለው ጎረቤታችሁ ቤትም አድርጉለት። ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዓሉ የሚከበርበት ከተማ ግድግዳ ሳይኖረው በዓሉ ብቻውን የት ይቆማል?

ግንበኞች ሆይ፣ ጭቃ ማቡካት፣ ኖራ ማብላላት፣ ወራጅ ማሰር የምታውቁ ሰዎች በጣት የምትቆጠሩ ሆናችኋል። ልጆቻችሁ ብሎኬት መደርደር መርጠዋል፤ የሚከፍለው እሱ ነውና አይወቀሱም። ግን አንድ አንድ ደቀ መዝሙር ያዙ። ከተማውን የሚያስተዳድሩትም ለዚህ ሙያ ከብሎኬት የማያንስ ክፍያ ይመድቡ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም እጁ ያለውን ሽማግሌ ዲግሪ ሳይጠይቁት መምህር አድርገው ይቅጠሩት። የጥገና ፈቃድ ማውጣት ቀላል ይሁን። ጣሪያ ለማስጠገን ሦስት ቢሮ የሚዞር ሰው በአራተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ቆርቆሮ ይገዛል። በቀበሌ ቤት የሚኖር ተከራይ ደግሞ በኖራና በጭቃ ላደሰ ወጪው ከኪራዩ ይታሰብለት፤ ያኔ «የእኔ አይደለም» የሚለው ቃል ይቀንሳል።

አንድ ሰው ምን ሊሠራ ይችላል ለሚለኝ የሐረሩን ቅርስ ሰብሳቢ የአብዱላሂ ሸሪፍን ሥራ አሳየዋለሁ። ከደርግ ውድቀት በኋላ አሮጌ የብራናና የወረቀት መጻሕፍት፣ ዘፈን የተቀዳባቸው ክሮች፣ ጌጥና ሳንቲም ከየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ ያሳዩ የነበረው በራሳቸው ቤት ነው። እየቆየ ስብስቡ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፣ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ባሠራው ሕንጻ ገባ። ከ1000 በላይ መጻሕፍት ከብልና ከእሳት ተረፉ። የበለጠ የሚደንቀኝ ግን የጠፋውን የሐረር ድጉሳት እንደገና አጥንተው፣ የተገነጠለውን መጽሐፍ በጥንቱ መንገድ መደጎስ መጀመራቸው ነው። ያ በርተን ያደነቀው ሙያ በአንድ ሰው ትዕግሥት ተመለሰ። ሰዎቹም መጽሐፎቻቸውን ለምን ሰጧቸው? ስላመኗቸው። በሰፈራቸው ያደጉ፣ ቋንቋቸውን የሚናገሩ ሰው ስለሆኑ። ቤትም የሚድነው በዚህ ዓይነት መተማመን ነው።

ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳንርቅ ደግሞ የሚያም ትምህርት አለ። ሐረር ለዓመታት ውኃ የጠጣችው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ከተማው ይስባል፣ ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በፓምፕ ይስባል፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል ይሞላዋል። ሁሉም የራሱን ድርሻ ብቻ ያይ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ፤ ጀልባ በነበረበት ከብት ተሰማራ። ሐረርም ውኃዋን ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ማስመጣት ግድ ሆነባት። በኋላ ተራራው ሲከለልና ደን ሲለብስ፣ ዝናቡም ሲያግዝ ውኃው ተመልሶ ታየ። ሐይቅ ደርቆ ሊመለስ ይችላል። የ300 ዓመት ግድግዳ ከወረደ ግን አይመለስም፤ በምትኩ የሚሠራው ምስሉ ነው።

በመጨረሻ የምናገረው በቶሮንቶ፣ በዋሽንግተን፣ በሜልበርን፣ በጅዳ ላላችሁ ነው። ሐረርን እንደማትረሱ አውቃለሁ። ለመስጊድ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ስንት ጊዜ አዋጥታችኋል። በክረምት ዕረፍት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትመጡ በየመተላለፊያው የሚሰማው ሳቅ ከተማዋን ያድሳታል። ግን ቤታችሁን ዘግታችሁ የሄዳችሁ ብዙ ናችሁ። ወንድም ከእህት በውርስ አልተስማማም፤ ወይም ዘመድ ገብቶ እንዳይቀር ተፈራ፤ ወይም አንድ ቀን ተመልሰን እንኖርበታለን ተባለ። የተዘጋ ቤት እሳት አይነድበትም፤ ጭስ ያላገኘው ወራጅ ምስጥ ይበላዋል፤ መስኮቱ ያልተከፈተ ግድግዳ አይደርቅም። ቤት ሰው ይፈልጋል። ስለ ውርሱ ክርክሩ ይቀጥል፤ እስከዚያ ግን ለአፎቻው በጽሑፍ ውክልና ስጡ። «ክፈቱት፣ አናፍሱት፣ ጣሪያውን እዩት፣ ንብረቱ ግን የእኛ ነው» በሉ። አፎቻ አደራ በልቶ አያውቅም፤ ሙታናችሁን በአደራ የሰጣችሁት እጅ ነው።

ያ አረንጓዴ ቤት አስመዲን በሪ ሳይደርሱ፣ ከመጋላው ወደ ውስጥ በሚገባው መተላለፊያ አለ። ባለፈው ወር ደጋግሜ ሄጃለሁ። ስንጥቁ በአንድ ስንዝር ሰፍቷል። አንድ አሮጌ ግንበኛ አየልኝ፤ ሲሚንቶው ተልጦ፣ የታችኛው ድንጋይ ተነስቶ በአዲስ ጭቃ ቢታሰር፣ በኖራ ቢቀባ ቤቱ ይተርፋል አለ። ለሥራው አሥራ አምስት ቀን ይበቃኛል ብሏል። የሰፈሩ አፎቻ ጉልበቱን ለመስጠት እሺ ብሏል። የጎረቤት እናት ለሠራተኞቹ ምሳ እኔ አለሁ ብለዋል።

ቁልፉን የያዛችሁ፣ ሌላ ክረምት ሳይገባ ደውሉ። ግንበኛው አለ፣ ኖራው አለ፤ በሩ ብቻ ነው የተዘጋው።